ከኪስሽ ማስታወሻ ፍቂኝ

ልጄ ያቺን መሣሪያ ያመጣችልኝ ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። በላስቲክ ጠቅልላ፣ ላስቲኩን ደግሞ በሹራቧ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛት ገባች። የራሷ ፀጉር ግን ውሃ ያንጠባጥባል።

«እሷን ያለበስሻትን ሹራብ ምነው ራስሽ ብትለብሺው?» አልኳት። «ይሄኔ ብርዱ አጥንትሽ ገብቷል። ሳል ሲጀምርሽ ደግሞ ከየት መጣብኝ ትያለሽ።»

«እማዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ጠይቂኝ።»

ጠየቅኳት። የኪስ ማስታወሻ ነው አለችኝ። መሥሪያ ቤቷ አዲስ ስለሰጣት አሮጌውን ለእኔ ማምጣቷ ነው። መዳፍ የምታክል፣ ግራጫ፣ ፊቷ መስታወት የሆነ ነገር ናት። በጎኗ ከክብሪት እንጨት ትንሽ ረዘም የምትል፣ ቀለም የሌላት ብዕር ተሰክታባታለች። በዚያች ብዕር መስታወቱን ሲነኩት ፊደል ያወጣል።

«ክኒንሽን ታስታውስሻለች» አለችኝ።

«እኔ መቼ ረሳሁ?»

«ባለፈው ደረጃው ላይ አዙሮሽ የወደቅሽው ምን ሆነሽ ነው?»

«እሱ የደረጃው ጥፋት ነው። አምፖሉ ከተቃጠለ ስንት ጊዜው።»

ሳቀች። ልጄ ስትስቅ አባቷን ትመስላለች፤ ነፍሱን ይማረውና እሱም የእኔን ክርክር እንዲሁ በሳቅ ነበር የሚዘጋው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ የጠዋቱን፣ የቀትሩን፣ የማታውን ክኒን አንድ በአንድ ጻፈችልኝ። ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ስለዚህ «እማዬ ክኒን» የሚለውን በባዕድ ፊደል ነው የጻፈችው። እኔም ቢሆን ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ የባዕዱን ፊደል አልረሳሁትም። ቀስ ብዬ ስፈታው ቃሉ የራሳችን ሆኖ አገኘሁት።

ልጄ መድኃኒት አስተዋዋቂ ናት። ከፋርማሲ ፋርማሲ፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞረች፣ ሐኪም ደጅ እየጠናች፣ የኩባንያዋን መድኃኒት ታስረዳለች። የምትኖረው በሌላ ከተማ ነው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። የልጅ ልጄን ፌንጣ ነው የምንላት፤ ካልዘለለች አትራመድማ። እንግዲህ ያን ሁሉ ሐኪም፣ ያን ሁሉ ቀጠሮ፣ የፌንጣን ትምህርት ቤት፣ ክትባቱን፣ የወላጅ ስብሰባውን በጭንቅላት መያዝ አይቻልም። ሁሉንም በማሽኑ ትይዛለች። ከሥራ ባልደረቦቿ መካከል ማሽን ያልያዘ የለም አሉ፤ ሲሰበሰቡ በየኪሱ ይጮሃል፣ ሁሉም ደረቱን ይዳብሳል።

እኔም ባለ ማሽን ሆንኩ። መጀመሪያ ፈራኋት። መብረቅ ትስብ ይሆን ብዬ ሲያጉረመርም መሳቢያ ውስጥ እከታት ነበር። እሳት ትይዝ ይሆን ብዬ ከምድጃው አራቅኳት። ከዚያ ትወድቃለች ብዬ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ አቆምኳትና መደርደሪያ ላይ አደረግኳት። ብርጭቆው ውስጥ ሆና ስትጮህ ድምፅዋ ይጎላል፤ ጪው፣ ጪው፣ ጪው። እናቷ የጠፋባት ጫጩት ነው የምትመስለው። ጫጩት ብዬ ስም አወጣሁላት።

ስትጮህ «አቤት» እላታለሁ። አትሳቁብኝ፤ የተጠራ ሰው አቤት ማለት አለበት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ማን ጠርቶኝ ያውቃል? የቧንቧው ጠብታ አለ፣ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል፤ እነሱ ግን እኔን አይደለም የሚሉት። ጫጩቷ ግን «እማዬ» ብላ በስሜ ትመጣለች። ክኒኑን እውጣለሁ፣ በብዕሯ ምልክት አደርግላታለሁ፣ ዝም ትላለች። ከዚያ ቤቱ ተመልሶ ቤት ይሆናል።

ባትሪዋ ሲደክም ወደ ሰዓት ሠሪው እወርዳለሁ። ሰዓት ሠሪው ከሕንፃችን ደረጃ ሥር ቁም ሣጥን በምታክል ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ የሚውል ወንደላጤ ነው። አፉ አያርፍም።

«እትዬ፣ ይቺ ነገር ትንፋሿ አጭር ነው» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «አሮጌውን ባትሪ አውጥቼ አዲሱን እስካገባ ነው የምትታገሠው። ከዘገየሁ የያዘችውን ሁሉ ትረሳለች።»

«ሁሉንም?»

«ስሟን ሳይቀር።»

«እንግዲያውስ ፍጠን! ምን ቆመህ ታወራለህ?»

«ገና መች ከፈትኳት?»

«ከመክፈትህ በፊት ፍጠን!»

ማጉያውን ከዓይኑ አውጥቶ አየኝ። «ሚስት ያላገባሁት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አለ። ቢሆንም እጁ ፈጣን ነው፤ እስካሁን አንድም ነገር አላስረሳብኝም።

ልጄ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች። ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው ለዚያች ስልክ ነው ብል ውሸት አይሆንም። የምነግራትን ከሰኞ ጀምሬ አጠራቅማለሁ፤ የኮሪደሩ ቧንቧ ስለ ማፍሰሱ፣ ከታች ያለችው ልብስ አጣቢ መንታ ስለ መውለዷ፣ መስኮቴ ላይ ጎጆ ልትሠራ ስለ ቃጣት እርግብ። ስልኩ መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ነው ያለው። ከምሳ በኋላ ፊቴን ታጥቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ስትጠብቅ ነበር እንዳትል አንድ ደወል ሳይሞላ አላነሳውም፤ ተኝታ ነበር እንዳትል ደግሞ ከሁለተኛው አላሳልፈውም።

አንድ እሁድ ስለ ቧንቧው እየነገርኳት ነበር። ጥገና የመጣው ሰውዬ ቁልፉን በግራ አዙሮ ውሃው ፊቱ ላይ እንዴት እንደ ፈነዳበት ልነግራት ስል፣ ጪው፣ ጪው፣ ጪው አለ። ዘወር ብዬ ብርጭቆዬን አየሁ። የእኔ ጫጩት ዝም ብላለች። ጩኸቱ ከስልኩ ውስጥ ነው።

«በይ እማዬ» አለች ልጄ። «ራስሽን ጠብቂ እሺ? ሳምንት እደውላለሁ።»

ሰውዬው ውሃው ፊቱ ላይ ሳይፈነዳ ቀረ።

አንዴ የሰማ ጆሮ አርፎ አይቀመጥም። የሚቀጥለው እሁድ ገና «ሄሎ» ስትል ከጀርባዋ የሚጮኸውን ስታፍነው ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላው ጮኸ፤ «በይ እማዬ»ም ተከተለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እሁድ እንዲሁ። ለካ ድሮም እንዲሁ ነበር። የራሴ ጫጩት ድምፁን እስክታስተምረኝ ድረስ የጎረቤት ሬዲዮ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የእኔ እሁድ በር አላት፤ አንዱ ጩኸት ይከፍተዋል፣ ሌላው ይዘጋዋል።

ምን ልበላት? ልጄ ሥራዋ ከባድ ነው፣ ብቻዋን ናት፣ እንኳን እኔን ራሷንም በቀጠሮ ነው የምታገኘው። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። ራሴም ሰማና «እውነት ነው» አለ። ሆዴ ግን አልሰማም። ሆድ ትምህርት የለውም።

ከዚያ ወዲህ ወሬዬን ማሳጠር ተማርኩ። ማሽኗ ሳትቀድመኝ እኔው «በይ ልጄ፣ አድካሚ ሰው ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» እላለሁ። ከተባረረ የሄደ ይሻላል። እሷ ታዲያ «ምነው ቸኮልሽ?» ትለኛለች። የምቸኩልበት ነገር ያለኝ አስመስዬ «እንግዳ አለብኝ» እላለሁ። እንግዳዬ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ውስጥ ቆማለች።

አንድ እሁድ ስልኩ አልጮኸም።

ፊቴን ታጥቤ ተቀምጫለሁ። ፀሐዩ ከበርጩማው ላይ ወርዶ ወለሉን ይዞ ግድግዳው ሥር ደረሰ። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ አነሳሁት፤ ድምፅ አለው፣ ደህና ነው። ያነሳሁት ጊዜ እየደወለች ቢሆንስ ብዬ በድንጋጤ ወረወርኩት። ትንሽ ቆይቼ እኔ ደወልኩ። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል።

ሰው ሲፈራ የሚያስበውን ላልፈራ ሰው መንገር ያሳፍራል። መኪና ገጭቷት አየኋት። የጋዝ ምድጃው ሳይዘጋ እናትና ልጅ ተኝተው አየኋቸው። ፌንጣ ከወንበር ላይ ስትዘል፣ ከዚያ... ተውት፤ ይህን አልጽፈውም። የማውቃት ልጄ በቀጠሮ የምትደውል ልጅ ናት፤ ማሽን አይረሳም፤ ማሽኑ ካልረሳ እሷ የማትደውለው የማትችል ሆና ነው። በዚያች ሰዓት ልቤ ያወጣው ሒሳብ ይኸው ነበር።

ካፖርቴን ደረብኩ፣ ጫጩቷን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ተመልሼ ከፍቼ ምድጃውን አየሁ፣ እንደገና ቆለፍኩ። ደረጃው ሥር ሰዓት ሠሪው እሁድም ሆኖ በሩን ገርበብ አድርጎ ሻይ ይጠጣል።

«እትዬ፣ ወዴት ነው ሩጫው?»

«ልጄ አንድ ነገር ሆናለች።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። የሚያስፈራኝ እሱ አይደል እንዴ?»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ብርጭቆውን አስቀምጦ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ክንዴን ይዞ ሸኘኝ። በመንገድ ላይ አንድም ቀልድ አልቀለደም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ወጣት ሴት ብስኩት ሰጠችኝ፣ አልቀበልም አልኩ። የቀትሩን ክኒን ውጬ እንደ ሆነ አላስታውስም። ጫጩቷ ለማታው ክኒን ብብቴ ውስጥ ሆና ስትጮህ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አቤት» ማለቴን ያወቅኩት ብስኩት የሰጠችኝ ሴት ፈገግ ስትል ነው።

የልጄን በር ያንኳኳሁት ሊጨልም ሲል ነው። ከውስጥ የዝላይ ኮቴ ተሰማኝ። በሩ ተከፈተ።

«እምዬ!» አለች ፌንጣ። አፏ ዙሪያ ማርማላታ ተለድፏል። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ፦ «እማ! እምዬ ናት! ሻንጣ አልያዘችም!»

ልጄ የሳሎኑ ወለል ላይ፣ በተበተነ ወረቀትና የቢዝነስ ካርድ መካከል ተቀምጣለች። ደህና ናት። እጇም እግሯም በቦታው ነው። በሩ አጠገብ ያለው የጫማ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ» አልኳት። «ከምሳ ጀምሮ ሞተሻል።»

ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። «ዛሬ እሁድ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳምንቱን ለሥራ ወደ ገጠር ከተሞች ወጥታ ነበር። አዲሱ ማሽኗ ባትሪው አይቀየርም፤ ኤሌክትሪክ ላይ እየተሰካ ነው የሚጠግበው። የሚሰካበትን ገመድ ያደረችበት እንግዳ ማረፊያ ግድግዳ ላይ ትታው መጣች። ማሽኑ ኪሷ ውስጥ ሆኖ ተራበ፣ ተራበ፣ ሞተ። ሲሞትም የያዘውን ሁሉ ይዞ ሞተ። ስደውል ያላነሱት ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ ገመድ ሲለምኑ ነው።

«አስታዋሹን የሚያበላውን ረሳሁት፤ ታያለሽ ጉዴን?» አለች። «የሰኞ ቀጠሮዎቼን ከካርድ ላይ እየለቀምኩ ነው። የትኛው ሐኪም በስንት ሰዓት እንደሆነ አንዱንም አላውቅም። እማዬ፣ ይቅርታ። ስላልጮኸልኝ እኮ ነው።»

ስላልጮኸልኝ አለች። ለራሷ አልተሰማትም።

«አይዞሽ» አልኩ። «ደህና መሆንሽ ይበቃኛል።»

«ነገ ቢሮ ኮምፒዩተሩ ላይ ስሰካው ሁሉም ይመለሳል፤ ኮምፒዩተሩ ግልባጭ አለው። ሐኪሞቹም ይመለሳሉ፣ የፌንጣ ትምህርት ቤትም፣ አንቺም ትመለሻለሽ።»

«እኔም እዚያ ውስጥ ነኝ?»

«እንዴታ! አንቺማ ሁለት ጊዜ አለሽ!» አለች ፌንጣ ሶፋው ላይ እየዘለለች። «መጀመሪያ 'እማዬ ጋ ደውዪ' ይላል። ከዚያ ደግሞ 'በቃ' ይላል። እኔ ማንበብ ችያለሁ እኮ እምዬ!»

«ፌንጣ! ሂጂ አፍሽን ታጠቢ!»

ልጅቷ እየዘለለች ሄደች። የቧንቧው ድምፅ ተሰማ። ልጄ ከወለሉ ላይ ካርድ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ፊቷ ቀልቷል።

«እማዬ፣ እሱ ለሪፖርቴ ነው። እሁድ ማታ ሪፖርት አለብኝ። አንቺ ጋ ስጀምር ካልጮኸብኝ አላቆምም።»

እውነቷን ይሆናል። ልታጽናናኝም ይሆናል። እናት ብዙ ነገር ታውቃለች ይባላል፤ እኔ ግን ያን አላወቅኩም፤ ዛሬም አላውቅም።

«አውቄዋለሁ» አልኳት። «ጩኸቱን ከሰማሁት ቆይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

«ኧረ እማዬ! የምጽፍሽ እንዳልረሳሽ ብዬ እኮ ነው። ያንቺንስ ክኒን ማን ጻፈልሽ? ስለምወድሽ አይደለም የጻፍኩልሽ?»

«ክኒን መራራ ነው ልጄ» አልኳት። «አስታዋሽ የሚያስፈልገው ለመራራ ነገር ነው።»

እጇ ላይ የቀረውን ካርድ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው። ፌንጣ ፊቷን ታጥባ እየዘለለች ተመለሰች። ከዚያ ሾርባ ሠራን፣ በላን፤ ፌንጣ እጄ ላይ ተኛች።

ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኙኝ። ልጄ የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ሬሳው ማሽን በቦርሳዋ ውስጥ ነው። ዓይኗ የመንገዱን ሰዓት ያያል፣ እኔን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ እጇን ያዝኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጠው ያደርኩት ነገር ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ራሴም ደነገጥኩ።

«ሁሉም ሲመለስ እኔን ፍቂኝ» አልኳት።

«ምን?»

«ከማሽኑ። መጀመሪያውንም፣ መጨረሻውንም። ሐኪሞቹ ይኑሩ። እኔን ፍቂኝ።»

«እማዬ፣ እሱማ... ብረሳስ?»

አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ። ዕድሜ ለሹፌሩ፣ ሳልመልስ ተሳፈርኩ።

ያ የመጀመሪያው እሁድ መጣ። ፊቴን አልታጠብኩም፤ እየጠበቅሁ እንዳይመስልብኝ። ከማን እንደምደበቅ አላውቅም። ካልሲ ልጥፍ ብዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ብርሃኑ የሚሻለው እዚያ ነው፣ ለስልኩ ብዬ አይደለም። ፀሐዩ እንደ ልማዱ በርጩማውን፣ ወለሉን፣ ግድግዳውን አዳረሰና ወጣ። ጫጩቷ ጮኸች፣ ክኒኔን ዋጥኩ፣ ምልክት አደረግኩላት። ስልኩ አልጮኸም።

ይኸውልሽ፣ አልኩ ለራሴ። የጠየቅሽውን አገኘሽ። ያንን አንድ ክር በገዛ መቀስሽ ቆረጥሽው። በጩኸትም ቢሆን ድምፅዋን ትሰሚ አልነበር? የሚዘጋ በር እኮ የሚከፈት በር ነው። የማትረቢ ሴትዮ፣ ኩራትሽን እስቲ በዳቦ ብዪው።

ሰኞ ሰዓት ሠሪው ደረጃው ላይ ያዘኝ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ደወለች?»

«ሥራ በዝቶባታል።»

«እርስዎ ይደውሉላታ! ጣትዎ ተሰበረ?»

«ከደወልኩማ አስታወስኳት ማለት ነው። እኔው ማሽን ሆንኩ።»

ማጉያውን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ቆየ። «እኔ ጋ የሚመጣ ሰዓት ሁሉ ሲቆም ነው የሚመጣው» አለ በመጨረሻ። «በደህና እየሄደ ለሰላምታ ብሎ ያመጣልኝ የለም።» ቀልዶ ነው መሰለኝ፤ ማናችንም ግን አልሳቅንም። ሻይ ቀድቶልኝ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ የማይገጥም ሰዓት መካከል ቁጭ ብዬ ጠጣሁ።

ሳምንቱ ተጎተተብኝ እንጂ አልሄደም። ስልኩ አጠገብ ላለመቀመጥ ብዬ ቤቱን ሁሉ አጠብኩት። ባለቤቴ የተኛበትን ወገን አንሶላ ሳይቀር አውጥቼ ተኮስኩ። ወደ ሱቅ ስወጣ በሩን ቆልፌ ደረጃው ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ይጮህ ይሆን? አይጮህም። እርግቧም ጎጆዋን ትታ ወደ ማዶው ሕንፃ ሄደች። የምነግራት ወሬ ግን ይጠራቀማል፤ ማጠራቀም መች ይቆማል? ከመንታዎቹ አንዱ ጥርስ ማብቀል ጀምሯል መሰለኝ፣ ያለቅሳል።

ከዚያ በማይጠበቅ ቀን፣ ቀትር ሊሆን ሲል፣ እጄ የሳሙና አረፋ ውስጥ ሆኖ፣ ስልኩ ጮኸ።

በዚያ ቀንና በዚያ ሰዓት የእኔ ስልክ ጮኾ አያውቅም። በዚያ ሰዓት የሚደውል ሆስፒታል ነው፣ ፖሊስ ነው። እጄን ቀሚሴ ላይ እየጠረግኩ ሮጥኩ፣ በርጩማውን በጉልበቴ ገጨሁት፣ ስልኩ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ እኔም አብሬው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«እማዬ?»

«ፌንጣ ናት? ወደቀች? ንገሪኝ፣ አትሸሽጊኝ!»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ፌንጣ ትምህርት ቤት ናት። እኔም ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ብዬ ነው። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሳሙናው ጆሮዬን ያቃጥለኛል።

«የት ሆነሽ ነው?»

«ክሊኒክ ነኝ፣ ሐኪም እየጠበቅኩ። ዘግይቶብኛል። እንግዳ ተቀባይዋን ለምኜ ነው በእነሱ ስልክ የምደውለው።» ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «እማዬ፣ እዚህ አግዳሚው ላይ አንዲት ሴትዮ አለች። የልጇ ካፖርት ቁልፍ ተበጥሶ እየሰፋችለት ነው፣ ልጁ እንደለበሰው። አሁን ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ልክ እንደ አንቺ። ደረቱ ላይ ጎንበስ ብላ ስትበጥሰው... ታስታውሺ የለ፣ እኔንም እንደ ለበስኩት ነበር የምትሰፊልኝ፣ ትንፋሽሽ አገጬን ያሞቀው ነበር። እና ተነሥቼ ስልክ ለመንኩ።»

ወጣትነቴን በሙሉ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የቁልፍ ክፍል ነው ያሳለፍኩት። ስንት ሺህ ቁልፍ እንደ ሰፋሁ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ያ ሁሉ ቁልፍ የት እንደ ደረሰ አስቤው አላውቅም ነበር።

«ጥርስ ይጎዳል» አልኳት። «መቀስ የላትም እንዴ?»

ሳቀች፤ የአባቷን ሳቅ። «እሁድ አለመደወሌን ያወቅኩት ሰኞ ነው» አለች ከዚያ። «አፈርኩና ደግሞ አዘገየሁት። ልዋሽሽ አልፈልግም። ረሳሁሽ እማዬ።»

«አወቅኩ።»

«ሌላም ጊዜ እረሳሽ ይሆናል።»

«ይሆናል» አልኩ። «ግን እንዲህ ስትደውዪ ቀስ ብለሽ አስጩኺው። ነፍሴ ልትወጣ ነበር።»

ከዚያ የምንለው አለቀብን። ያጠራቀምኩት ወሬ ሁሉ፣ እርግቧ፣ መንታዎቹ፣ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ከእሷ በኩል በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ አንድ ልጅ ሲያስል ይሰማኛል። የሚያስቆመን ጩኸት ስላልነበረ እንዴት እንደሚቆም ሁለታችንም አላወቅንበትም።

ጪው፣ ጪው፣ ጪው።

ደነገጥኩ። ብርጭቆው ነው። የቀትሩ ክኒን።

«እማዬ፣ ያንቺ ናት አይደል? ሂጂ ዋጪ። በይ እኔም...»

«ትጩህ» አልኩ።

እንደ ተቀመጥኩ እጄን አጠገቤ ወዳለው መደርደሪያ ዘርግቼ ብርጭቆውን በሻይ ሳህን ከደንኩት። ድምፅዋ ታፍኖ እንደ ሩቅ ጫጩት ሆነ።

«ሐኪሙ መጣ?»

«አልመጣም ገና።»

«እስቲ ያ ቁልፍ» አልኳት፤ እንዳትሄድብኝ አፌ ያገኘውን ያዘ፣ «ሴትዮዋ የሰፋችው፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው ባለ አራት? ባለ አራት ከሆነ በመስቀል ካልተሰፋ አይቆይም፣ ልጁ እቤት ሳይደርስ ይወድቅበታል።»

«ቆዪ ልየው» አለች ልጄ። «እንዳትዘጊው እሺ?»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ጠቅ ሲል ሰማሁ። ጫማዋ በዚያ ኮሪደር ላይ ከእኔ እየራቀ ሄደ። እኔ ወለሉ ላይ፣ እጄ በሳሙና እንደ ነጣ፣ ጫጩቷ ከክዳኗ ሥር እየጠራችኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅኋት።